ከዳገት ወድቄ በደረጃ አመካኘሁ

ሐኪም «ምን ሆነህ ነው?» ብሎ ሲጠይቃችሁ የሆናችሁትን ንገሩት። የእኔን ረጅም ጣጣ ለማንበብ ጊዜ የሌለው ሰው ይህችን ብቻ ይዞ ቢሄድ ይበቃዋል። ጊዜ ያለው ግን ይቀመጥና ይስማኝ፤ እኔም አሁን ከመቀመጥ የተረፈ ሥራ የለኝም።

ተካ እባላለሁ። ናይሮቢ ውስጥ ሣር አጫጅ ነኝ፤ ነበርኩ ማለት ሳይሻል አይቀርም። ከአገሬ ሳልወጣ አዋሽ ዳር ባለ የመንግሥት እርሻ ላይ ለዓመታት ትራክተር ነድቻለሁ። እዚያ መሬቱ ዓይን እስኪደክም ድረስ ሜዳ ነው፤ መሪውን አቅንቶ ለሚያንጎላጅ ሹፌር እንኳ የሚያሰጋ ነገር የለም። ናይሮቢ ከገባሁ በኋላ አንዲት ያገለገለች ትንሽ ትራክተር ገዛሁ፤ ከሆዷ ሥር የሣር ማጨጃ ስለት የተገጠመላት፣ ከነወንበሯ ከትከሻዬ የማትበልጥ። በእሷ የጊጊሪን ትልልቅ ግቢዎች እያጨድኩ ሚስቴን ወይንሸትንና ልጄን ሊያን አኖርኩ። ኦቲየኖ የሚባል በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማያንስ ኬንያዊ አብሮኝ ይሠራል። ትራክተሯ የማትደርስበትን ጥጋጥግ በእጁ የሚያጭደው እሱ ነው።

ጊጊሪ እንደ አዋሽ ሜዳ አይደለም፤ ብዙው ግቢ ቁልቁል ወደ ወንዝ ይወርዳል። ስለዚህ ዳገት እንዴት እንደሚታጨድ ተምሬአለሁ፣ ተምሬም ለሌሎች አስተምሬአለሁ፤ የሚያንገበግበኝም ይኸው ነው። በትንሽ ትራክተር ዳገት የሚታጨደው ሽቅብና ቁልቁል እንጂ ወደ ጎን አይደለም። ወደ ጎን ስትሄድ ክብደቷ ሁሉ ታችኛው ጎማ ላይ ያርፋል፤ ጎማው ትንሽ ነገር ቢያጋጥመው መገልበጥ ነው። ዳገት መሃል ላይ አይዞርም። ቁልቁል ሲወረድ በአንደኛ ማርሽ ቀስ ተብሎ ነው፣ ፍሪሲዮን አይረገጥም። ከወንበሩ ጀርባ እንደ በር መቃን የቆመ ብረት አለ፤ ትራክተሯ ብትገለበጥ ሹፌሩ ላይ እንዳትተኛ የሚያደርጋት እሱ ነው። ብረቱ መቆም፣ ቀበቶውም መታሰር አለበት። ሣሩ እርጥብ ከሆነ ሞተር አጥፍቶ ወደ ቤት መሄድ ነው። በማላውቀው ዳገት ፊት ስቆም ደግሞ አንድ መፈተኛ ነበረኝ፦ ትራክተሯ የኋሊት ሽቅብ መውጣት ካቃታት ያ ዳገት የእሷ አይደለም፣ የኦቲየኖ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያውቅ ሰው እንዴት ወደቀ ትሉኛላችሁ። ከማኅበራችን ልጀምር።

ጥቂት የሐበሻ ቤተሰቦች ሆነን የሚካኤል ጽዋ ማኅበር አለን። በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ ቤታችን እንሰበሰባለን፤ የኅዳር ሚካኤልን ግን ሁልጊዜ የምናከብረው እትዬ ሙሉ ዘንድ ነው። እትዬ ሙሉ ኪሊማኒ ውስጥ ምግብ ቤት አላቸው፤ መኖሪያቸው ኪሌሌሽዋ ነው፣ ከጀርባው ወደ ጅረት የሚወርድ ሰፊ አትክልት ያለው የኪራይ ቤት። እኔና ወይንሸት ሊያን ታቅፈን ናይሮቢ የደረስን ጊዜ ሦስት ወር ያስጠጉን እሳቸው ናቸው። ሦስት ወር ሙሉ አንድ ቀን ፊታቸውን አላጠቆሩብንም። እንግዲህ ያንን በምን ይከፍሉታል?

ያን ዓመት ኅዳር ሲገባ ዝናቡ በርትቶ ሣራቸው ጉልበት ደረሰ። «ድንኳን የት ልተክል ነው?» ሲሉ ሰማሁና «እትዬ ሙሉ፣ ይህንን ለእኔ ይተዉት፤ ለሚካኤል ብዬ አጭደዋለሁ» አልኩ። ሰው ሁሉ መረቀኝ፣ እኔም ደስ አለኝ።

ለመሥራት ያሰብኩት ቀደም ብዬ ነበር። ጊጊሪ ያሉ ደንበኞቼ አንዱን ቀን በአንዱ እያሳበቡ አስቀሩኝና ለዋዜማው ገፋሁት። የዋዜማው ዕለት ደግሞ እስከ ቀትር ዘነበ። ከኦቲየኖ ጋር ትራክተሯን በፒካፕ ጭነን ኪሌሌሽዋ ስንደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። እትዬ ሙሉ ለድግሱ ምግብ ቤታቸው ሄደዋል፤ ሠራተኞቻቸውንም ይዘው ነው የሄዱት። ቤቱን የሚጠብቀው ዘበኛ ብቻ ፊት ለፊት በር ላይ ተቀምጧል።

ኦቲየኖ ጎንበስ ብሎ ሣሩን በመዳፉ ዳሰሰና እርጥቡን እጁን አሳየኝ። «ምዜ፣ ኛሲ ባዶ ዚና ማጂ» አለኝ፤ ሽማግሌው፣ ሣሩ ገና ውሃ አለበት ማለቱ ነው።

«አይቻለሁ።»

«ኬሾ» አለኝ። ነገ እንምጣ ነው የሚለው።

ነገ እንዴት አድርጌ? ነገ ሚካኤል ነው። በኅዳር ሚካኤል፣ ያውም ማኅበርተኛው በተሰበሰበበት ግቢ፣ ስለት አዙሬ ሣር ላጭድ? ሌላ ሰው ቢሆን ነገ ወይም ከነገ ወዲያ ብሎ ይሄድ ነበር። እኔ ግን ቀኑን ማሳለፍም፣ በቀኑ መሥራትም፣ ቃሌን ማጠፍም አልቻልኩም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። የዚያን ዕለት የሮጥኩትን ያህል በዕድሜዬ ሮጬ አላውቅም።

የመጀመሪያውን ግማሽ በደንቡ ሠራሁት፤ ሽቅብ ወጣሁ፣ ቁልቁል ወረድኩ። ሁለተኛው ግማሽ ላይ አንድ ትልቅ የአቮካዶ ዛፍ አለ፤ ቅርንጫፎቹ ዝቅ ያሉ ስለሆኑ ከወንበሩ ጀርባ ያለው ብረት ያዘኝ። ወርጄ ብረቱን አጠፍኩት። ቀበቶውንም ተውኩት። ሰማዩ እንደገና ሲጠቁር ደግሞ ሽቅብ ቁልቁሉ ረዘመብኝና መሪውን ወደ ጎን አዞርኩ። እርጥቡን ሣር ጨምሮ ከደንቦቼ አራቱን በአንድ ከሰዓት ጣልኩ።

ዛፉ ሥር አሮጌ የፍሳሽ ጉድጓድ ነበር፤ ክዳኑ ከተነሳ የቆየ፣ ሣር ከላዩ ተሳስሮ የሸፈነው። ታችኛው የፊት ጎማ ሰጠመ። ወንበሩ ከሥሬ ሲሸሽ ይታወቀኛል። ለመዝለል ሞከርኩ፤ የዘለልኩት ግን ወደ ታች፣ ትራክተሯ ወደምትወድቅበት በኩል ነበር። ግራ ዳሌዬና ታፋዬ ላይ አረፈች። ሞተሩ ጠፋና ፀጥ አለ፤ የውሃ ጠብታ ከቅጠል ቅጠል ሲወርድ እሰማለሁ። ያዳነኝ ያው ያጣደፈኝ ዝናብ ነው፤ መሬቱ ረጥቦ ስለነበር ጭቃው ውስጥ ሰጠምኩ። ኦቲየኖ ትራክተሯን የምንጭንበትን ወፍራም ሣንቃ ይዞ መጥቶ ከሥሯ ሰክቶ ሲያነሳት፣ እኔ በክርኔ እየተሳብኩ ወጣሁ።

«ትዌንዴ ሆስፒታሊ!» ሆስፒታል እንሂድ እያለ ይጮህብኛል።

እኔ ግን ተነሳሁ። ቆምኩ። መቆም ከቻልኩ አልተሰበርኩም አልኩ፤ ከዚያም የመጀመሪያው ሐሳቤ ሕመሙ ሳይሆን ሰው ሆነ። በታቦቱ ዋዜማ፣ በማኅበር ቤት፣ ትራክተር ተገለበጠበት ቢባል ምን ይላሉ? ምን በድሎ ነው ይላሉ። እትዬ ሙሉ ይሰማሉ፣ ድግሱ ይቀዘቅዛል፣ «በእኔ ሣር» እያሉ ዕድሜ ልካቸውን ያዝናሉ። ጊጊሪ ያሉት ደንበኞቼስ? ትራክተር የገለበጠ ሰው ማን ግቢው ያስገባል? ኦቲየኖን ክንዱን ይዤ አስማልኩት። ደረጃ ላይ አዳልጦኝ ነው፣ በቃ። ትራክተሯን አቃንቶ አወጣት፤ ሣሩም በግማሹ ቀረ።

በማግስቱ ማኅበር ሄድኩ። ልብ በሉ፣ የዳሌ አጥንቴ ተሰንጥቋል፣ እኔ ግን ነጠላዬን አጣፍቼ ሄድኩ። እትዬ ሙሉ «ምነው ታነክሳለህ?» አሉኝ። ደረጃ ነው አልኳቸው። «ሣሩስ በግማሹ?» ዝናቡ አባረረኝ አልኩ። በእኛ ማኅበር ጽዋ ቆሞ ነው የሚቀበሉት። ተራዬ ሲደርስ ጥርሴን ነክሼ ተነሳሁና ቆሜ ተቀበልኩ። ላቤ በጀርባዬ ሲወርድ ይሰማኛል። ስቀመጥ ዓይኔ ጨለመ፤ ማንም አላየኝም፣ እኔም ባለማየታቸው ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ቀን ወይንሸት እየጎተተች ክሊኒክ ወሰደችኝ። መጠበቂያው ክፍል ውስጥ ከአንዲት የምታስል ሴትና እጁን በጨርቅ ካሰረ ሰውዬ መሃል ሁለት ሰዓት ተቀመጥኩ፤ በአንድ መቀመጫዬ ብቻ፣ ግራው አይነካም። ሐኪሙ ጨዋ ሰው ነበር። ምን እንደሆንኩ ጠየቀኝ፤ ነገርኩት፤ በፋይሉ ላይ «ደረጃ ላይ አዳልጦት» ብሎ ጻፈ። ለደረጃ የሚገባውን ሁሉ አደረገልኝ፦ ቁርጭምጭሚቴንና ጉልበቴን ራጅ አነሳ፣ ስብራት የለም፣ ወለምታ ነው አለ፣ ማስታገሻ ሰጠኝ። ዳሌዬን ለምን ያነሳዋል? ከደረጃ ያዳለጠው ሰው ዳሌ ላይ ትራክተር ተኝቶ ነበር ብሎ ማን ይገምታል?

ቤት ስንደርስ ወይንሸት የወደቅኩ ዕለት የለበስኩትን ሱሪ ከባልዲ አውጥታ ይዛ ቆመች። ጭቃውና የሣሩ አረንጓዴ እስከ ወገቡ ድረስ አልለቀቀም።

«ደረጃው ሣር ነበረበት እንዴ?» አለችኝ።

«ተይኝ ባክሽ» አልኳት። መልሳ አልጠየቀችኝም።

በሳምንቱ እግሬ አበጠ። ታፋዬ የቀኙን እጥፍ ሆነ፣ ቆዳው ተወጥሮ አበራ። ማስታገሻው አልሠራም ብዬ ኢስሊ ወደሚኖር አንድ ወጌሻ ሄድኩ። እሱም እጁን ሳያነሳ በፊት ጠየቀኝ። «በእውነት ደረጃ ነው? ሌላ ነገር ካለ ንገረኝ፤ ሁሉም ጉዳት አይታሽም» አለኝ። ደረጃ ነው አልኩት። ቅባት አድርጎ ሦስት ቀን አሸኝ፣ እኔም እየጮህኩ ታሸሁ። በኋላ ሲነገረኝ እግሬ ውስጥ ያበጠው ሥጋው አልነበረም። ከጥልቁ ካለው ትልቅ ደም ሥር ውስጥ ደም ረግቶ መንገድ ዘግቶ ነበር። እንዲህ ያለ እግር ከታሸ የረጋው ደም ተቆርሶ ወደ ሳንባ ይሄዳል። ወጌሻውን አልወቅሰውም፤ ጠይቆኛል።

ከሦስተኛው እሽት በኋላ፣ ጠዋት ጫማዬን ሳስር ደረቴን በጦር የወጉኝ መሰለኝ። ትንፋሼ አጠረ። ከአልጋ እስከ መታጠቢያ ቤት ስሄድ ኪሎ ሜትር የሮጥኩ ያህል እደክማለሁ። ሌላ ክሊኒክ ሄድን፤ ሐኪሟ አዳመጠችኝ፣ ትኩሳት አገኘች፣ የሳንባ ምች ነው ብላ መድኃኒት አዘዘች። እግሬን ስትጠይቀኝ የቆየ ወለምታ ነው ብዬ ሱሪዬን ሳላወልቅ አሳለፍኩት። ፈራሁ። ሐኪሞቹን አልነበረም የምፈራው፤ ውሸቴን ነው። አንድ ጊዜ ከተናገርኩት በኋላ እንደ ዕዳ ይጠብቀኝ ጀመር፤ ሰው «እንዴት ነው እግርህ?» ባለኝ ቁጥር ደረጃውን እንደገና መገንባት አለብኝ። ኦቲየኖ ሊጠይቀኝ ሲመጣ ደጅ ቆሞ አይገባም፤ ወይንሸት ፊት መዋሸት አልሆንለት ብሎ ነው።

መድኃኒቱን ጨረስኩ፤ ባሰብኝ። በጀርባዬ መተኛት አቃተኝ፤ ተደግፌ ቁጭ ብዬ ነው የማድረው፤ ብተኛ የማልነሳ እየመሰለኝ ወይንሸትን እየቀሰቀስኩ አወራታለሁ፤ ስለ ምንም፣ ስለ ሽንኩርት ዋጋ። ሞትን እንዲህ ቀርቤው አላውቅም። ሊያ ዩኒቨርሲቲ ትማራለች፤ ፈተናዋን ትታ መጣችና ትላልቅ ሆስፒታሎች ካሉት ወደ አንዱ ወሰደችኝ። የቀደመችው ሐኪም የጻፈችውን ወረቀት አይተው በሳንባ ምች አስተኙኝ፣ ኦክስጅን ሰኩልኝ።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ፣ ሰው በሚጠየቅበት ሰዓት፣ እትዬ ሙሉ በፔርሙስ ሾርባ ይዘው መጡ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጠው እየቀዱልኝ ያጫውቱኛል። ልጃቸውን ሊጠይቁ ቅዳሜ ሽማግሌዎች እንደሚመጡ ነገሩኝ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ እንዲህ አሉ፦

«ያንን በግማሽ የቀረ ሣርም ዛሬ ተገላገልኩት። አንተን ሳስቸግር ልኖር ነው? አንድ ሰውዬ እንዳንተ ያለች ትንሽ ትራክተር አለችው፤ እኔ ስወጣ ማጨድ ጀምሮ ነበር።»

የጎረስኩት ሾርባ ትን አለኝ። ሊያ ጀርባዬን ትመታኛለች። እኔ የማየው ግን ዛፉን ነው፣ ከሥሩ እንደገና የተሳሰረውን ሣር ነው። አንድ የማላውቀው ሰው መሪ ይዞ ወደዚያ እየቀረበ ነው፤ ስለ ጉድጓዱ ያልተናገርኩት እኔ ነኝ።

«አስቁሙት!» አልኩ። «ይደውሉለት እትዬ ሙሉ፣ አሁኑኑ!»

«ምን ሆነሃል?»

«አቮካዶው ሥር ጉድጓድ አለ። እኔን የጣለኝ እሱ ነው።»

«ደረጃ አይደለም እንዴ?»

«አይደለም። ትራክተሯ ናት፤ እላዬ ላይ ነው የወደቀችው። በሚካኤል ይዤዎታለሁ፣ ይደውሉ!»

ደወሉለት። ጠራ፤ አይነሳም። በዚያ ጩኸት ላይ ሆኖ እንዴት ይሰማል? ሊያ ስልኩን ተቀብላ የዘበኛውን ቁጥር ፈልጋ ደወለችና በስዋሂሊ ሩጥ፣ ማሽኑን አስቁም አለችው። ከዚያ ጠበቅን። ምናልባት አምስት ደቂቃ ይሆናል። ከሕመሜ ሁሉ ያ አምስት ደቂቃ ይከፋል፤ ምክንያቱም ሌላው ሁሉ በራሴ ነበር።

ዘበኛው ደወለ። ሰውዬው ቆሟል። ወደ ጎን እየሄደ ነበር፣ አንድ ዙር ሲቀረው ደረሰበት።

እትዬ ሙሉ ፔርሙሱን ከደኑ። ቁጣ ጠብቄ ነበር፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ ብሎ ነው የወጣው። «ሦስት ወር ቤቴ ስትኖር አንተ ፊት የደበቅኩት ነገር ነበር?»

«እንዳያዝኑ ብዬ ነው።»

«እኔስ ያ ሰውዬ ቢሞት ነው የማዝነው። ልጆች አሉት» አሉና ወጡ።

ሊያ አልጮኸችም፤ አለቀሰች። «አባዬ፣ ፕሊዝ፣ ትራውዘርህን አውልቅ» አለችኝ። አጠገባችን ሌላ በሽተኛ የምታይ ነርስ ትራክተር የሚለውን ቃል ሰምታ ኖሮ የክፍሉን ሐኪም ጠርታ መጣች። ሐኪሟ አንሶላውን ገልጣ ሁለቱን እግሮቼን ጎን ለጎን አየች። «ኢሊኩዋጄ?» አለችኝ፤ እንዴት ሆነ? ለመጀመሪያ ጊዜ ከላይ እስከ ታች ነገርኳት፦ እርጥቡን ሣር፣ የታጠፈውን ብረት፣ ጉድጓዱን፣ ወጌሻውን። ጽፋ ሳትጨርስ ነው የተነሳችው። በዚያው ምሽት ዳሌዬን ራጅ አነሱ፣ እግሬንና ሳንባዬን በሌላ መሣሪያ አዩ። የዳሌው ስንጥቅ፣ በደም ሥሩ ውስጥ ያለው የረጋ ደም፣ ከእሱ ተቆርሶ ሳንባዬ የገባው ቁራጭ፣ ሁሉም ተገኘ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ሲሉ እሰማ ነበር፤ እኔ መድኃኒቱ ደጃፍ ድረስ ሄጄ ሦስት ጊዜ ተመልሻለሁ።

ደም የሚያቀጥን መርፌ ሆዴ ላይ ይወጉኝ ጀመር፤ በኋላ ወደ እንክብል ተለወጠ። ከአሥር ቀን በላይ ተኛሁ። ለሆስፒታሉ ክፍያ ፒካፑ ተሸጠ። ትንፋሼ ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ በተኛሁበት ጥልቅ ትንፋሽ መሳብ የቻልኩበትን ጠዋት አልረሳውም፤ ወይንሸትን «ስሚ» ብዬ ደረቴን አሰማኋት። እሷም ያኔ ነው የነገረችኝ። ሱሪውን ካየች ጀምሮ ደረጃ እንዳልሆነ ታውቅ ነበር። «ለምን ዝም አልሽ?» ብላት «ፊት ለፊት ውሸታም ላደርግህ?» አለችኝ። እንግዲህ ይሉኝታው የእኔ ብቻ አልነበረም፤ በአንድ ማዕድ ነው የምንበላው።

ኦቲየኖ ያኔ ገባ። አልጋው ራስጌ ቆሞ እኔው ባስተማርኩት አማርኛ «ምዜ፣ አንተ ብትሞት እኔ ነኝ የገደልኩህ» አለኝ። ይህንን በደንብ አስቡት። ምስጢር አደራ የሰጠነውን ሰው ምን እንደምናሸክመው አናውቅም።

አጥንቱ ገጠመ። እግሩ ግን እንደነበረ አልሆነም፤ የደም ሥሩ መዝጊያዎች ተበላሽተዋል፤ ማታ ማታ ያብጣል፣ ይከብደኛል፣ እስከ ታፋ የሚደርስ ጥብቅ ካልሲ ካላደረግሁ አልወጣም። ትራክተር ላይ መቀመጥ ቀርቷል። የምትንቀጠቀጠዋን ወንበር፣ የሚንጠለጠለውን እግር ሐኪሟ ከለከለችኝ። አሁን ትራክተሯን የሚነዳው ኦቲየኖ ነው፤ ከሚያገኘው ያካፍለኛል። ብረቱ እንዳይታጠፍ መጋጠሚያውን በብሎን አሥሮታል፤ ቅርንጫፍ ካለ ቅርንጫፉን ይቆርጣል። ዝናብ የነካው ዳገት ላይ ንጉሥ ቢያዘው አይወጣም።

በስድስተኛው ወር ለክትትል ስሄድ ሐኪሟ ፋይሌን ስታገላብጥ የመጀመሪያው ክሊኒክ ወረቀት ወጣ፤ «ደረጃ ላይ አዳልጦት» ይላል። ጠየቅኳት። በመጀመሪያው ቀን እውነቱን ብናገር እግሬ ይድን ነበር? ብዕሯን አስቀመጠች። «ላብዳ» አለችኝ፤ ምናልባት። ይድን ነበር ብትለኝ ወይም አይድንም ነበር ብትለኝ ይሻለኝ ነበር። ይህችን ምናልባት ይዤ ነው የምኖረው።

እትዬ ሙሉ ከዚያ ቀን ወዲህ ለወራት አላናገሩኝም። ሾርባ በወይንሸት በኩል ይልካሉ፣ እሳቸው አይመጡም። ኅዳር ሲደርስ እንዳልቀር ብዬ በከዘራ ሄድኩ። ዳገቱ ጫፍ ላይ ቆሜ ቁልቁል አየሁ፤ መውረድ አልችልም። ሣሩ በእጅ ታጭዷል። ዛፉ ሥር ጉድጓዱ ተደፍኖ በነጭ የተቀባ ትልቅ ድንጋይ ተቀምጦበታል። ማኅበርተኛው ተሰብስቦ ሳለ አንዱ «ተካ፣ ያ የደረጃ ነገር እስካሁን አልተወህም?» አለኝ። እትዬ ሙሉ ከማዶ ቀና ብለው አዩኝ። ደረጃ እንዳልነበረ፣ የት እንደወደቅኩ፣ ለምን እንደዋሸሁ ለሁሉም ነገርኳቸው። ማንም ምን በድሎ ነው አላለኝም። አንዲት አሮጊት ብቻ ከንፈር መጠጡ።

ጽዋው መዞር ጀመረ። ሰው ሁሉ ተራው ሲደርስ እየተነሳ ይቀበላል። ወደ እኔ ሲቀርብ ከዘራዬን ተደግፌ ልነሳ ወገቤን አነሳሁ። እትዬ ሙሉ ከኋላዬ መጥተው ኖሮ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ ጫኑ።

«ተቀመጥ» አሉኝ። «ለማን ብለህ ነው?»

ተቀምጬ ተቀበልኩ።